የዓመቱ ወርቅ በአንድ ተሳቢ

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ተሳቢዎች ተደርድረው ይታያሉ። ከጅቡቲ ጭነው፣ ጋላፊን አልፈው፣ ሚሌ ላይ ታጥፈው፣ የባቲን ዳገት ወጥተው የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ሌሊቱን ሲነዱ ነው ያደሩት። ቁርስ ቤቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ፉሉን ማልደው ያደርሳሉ።

ባለፈው እዚያ ቁጭ ብዬ አንድ አባት ሹፌር አጠገቤ ሻይ ይጠጣሉ። ማዳበሪያ አራግፈው ሊመለሱ ነው። ወሬ ጀመርን።

«ልጄ፣ እስቲ ይህን አስረዳኝ» አሉኝ። «ሬዲዮኑ ኤክስፖርት ሪከርድ ሰበረ ይላል። ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገባ ይላል። እኔ ግን ዛሬም ባዶዬን ነው የምመለሰው። ያ ሁሉ ዕቃ በየት በኩል ወጣ?»

ያን ጊዜ የሰጠኋቸው መልስ እኔንም አላረካኝም። ሻያቸውን ጨርሰው ተነሱ። ጥያቄያቸው ግን እኔ ጋ ቀረ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እሱን ለመመለስ ነው። ስለ አገራችን ገቢና ወጪ ንግድ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ የእኚህን አባት ያህል ነገሩን ከሥሩ የነካ ግን የለም።

መጀመሪያ ሬዲዮኑ እውነቱን ነው። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከሸቀጥ ኤክስፖርት ያገኘችው ወደ 8.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 3.8 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ለብዙ ዓመታት ከ3 እና ከ4 ቢሊዮን ፈቀቅ ማለት አቅቶት የኖረ ገቢ በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ይህ ገንዘብ ከምን መጣ? 3.5 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ ከወርቅ ነው። 2.65 ቢሊዮኑ ከቡና ነው። ሁለቱን ደምሩ። ከ6 ቢሊዮን በላይ ነው። አበባው፣ ሰሊጡ፣ ጥራጥሬው፣ ሥጋው፣ ጫቱ፣ ቆዳው፣ ልብሱ፣ ኤሌክትሪኩ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚካፈለው የቀረውን ሩብ ነው።

አሁን ወደ ሹፌሩ ጥያቄ እንምጣ። 3.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ስንት ይመዝናል? ወርቅ በዓለም ገበያ የሚሸጠው በአውንስ ነው። አንድ አውንስ 31 ግራም ገደማ ነው። በዚያ በጀት ዓመት የአንዱ አውንስ ዋጋ በአማካይ 2,800 ዶላር ገደማ ይሆናል ብለን ብናሰላ፣ ጠቅላላው ወርቅ 40 ቶን እንኳ አይሞላም። 40 ቶን ማለት 400 ኩንታል ነው። እሳቸው ከጅቡቲ ያመጡት ማዳበሪያም 400 ኩንታል ነበር።

እንግዲህ የአገሪቱ የዓመት ወርቅ በሙሉ በእኚያ አባት አንድ መኪናና ተሳቢ ላይ ይጫናል። ጭነቱም ቢሆን ዓይን አይሞላም፤ ወርቅ ከባድ ስለሆነ ከተሳቢው ወለል ብዙም ከፍ አይልም። ደግሞ ማንም በተሳቢ አይጭነውም። በሣጥን ታሽጎ ከቦሌ በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። ከሪከርዱ ትልቁ ድርሻ በሚሌ መንገድ አላለፈም። ሹፌራችን ሊያዩት የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

ቡናውስ? ቡናው ክብደት አለው። በ2017 ወደ 469 ሺህ ቶን ወጥቷል። በ400 ኩንታል መኪና ብናሰላው 12 ሺህ ጉዞ አይሞላም። ያውም ቡናው የሚዘጋጀው፣ የሚታሸገውና ኮንቴይነር ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። ከዚያ በአዳማ፣ በአዋሽ አድርጎ በመኪና ወይም በባቡር ጅቡቲ ይገባል። ኮምቦልቻን አይረግጣትም።

ገቢውን ደግሞ እዩት። በዚያው የምርት ዘመን አገሪቱ ለመግዛት ያቀደችው የአፈር ማዳበሪያ ወደ 24 ሚሊዮን ኩንታል ነው። ለ400 አካፍሉት። 60 ሺህ ጉዞ ነው። ማዳበሪያ ብቻ! ነዳጁ፣ ብረቱ፣ ስንዴው፣ የምግብ ዘይቱ፣ ማሽነሪው፣ መድኃኒቱ ገና አልተቆጠረም። ቡና በሙሉ ወጥቶ የማዳበሪያን አንድ አምስተኛ መኪና ብቻ ነው የሚሞላው።

መኪናው ባዶውን የሚመለሰው ለዚህ ነው። የምናስገባው ከባድና ብዙ ነው። የምንሸጠው ደግሞ ወይ ቀላልና ውድ ነው፣ ወይ በሌላ መንገድ ይሄዳል።

ይህ የሹፌሮች ችግር ብቻ አይደለም። አንድ ትራንስፖርተር ሲመለስ ጭነት እንደማያገኝ ካወቀ የደርሶ መልሱን ነዳጅና ጎማ ሲመጣ በሚጭነው ዕቃ ላይ ያስባል። ስለዚህ የመልሱን ኪራይ የሚከፍለው ማዳበሪያውን የሚገዛው የቃሉ ወይም የወረባቦ ገበሬ ነው። ደሴ ሙጋድ ላይ ስልክና ቴሌቪዥን የሚገዛውም ሰው ይከፍለዋል። ኮንቴይነሩ ራሱ የመርከብ ድርጅት ንብረት ነው። ደረቅ ወደብ ላይ ተራግፎ ባዶው ጅቡቲ መመለስ አለበት። ከዘገየም ቅጣቱ በዶላር ይቆጠራል። አየር ጭኖ ለመመለስ ዶላር እንከፍላለን ማለት ነው። ጅቡቲ ለምትሰጠን የወደብ አገልግሎት በጠቅላላው በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እናወጣለን።

የእኛ አካባቢ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ከደሴ ወደ አሰብ የሚወስደውን መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው የሠራው። እስከ ግንቦት 1990 ድረስ የአገሪቱ ዋና ወደብ አሰብ ነበር። ኮምቦልቻና ባቲ ያኔ ለባሕሩ ቅርብ ነበሩ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ሚሌ ላይ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ገቢና ወጪ ንግዳችን በዚያ በአንድ ወደብ ያልፋል።

አሁን ወርቁ ድንገት ከየት መጣ የሚለውን እንይ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በ2016 በጀት ዓመት የወርቅ ኤክስፖርት ግማሽ ቢሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም ነበር። በዓመቱ 3.5 ቢሊዮን ሆነ። በአንድ ዓመት ያን ያህል አዲስ የማዕድን ጉድጓድ አልተቆፈረም። ለገደንቢ ያለው ትልቁ ማዕድን ድሮም ነበረ። ቤኒሻንጉል፣ ጋምቤላና ትግራይ ውስጥ በእጃቸው ቆፍረው የሚያጥቡት ሰዎችም ድሮም ነበሩ። የተለወጠው ወርቁ የሚሄድበት በር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር። በጥቁር ገበያ ግን ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። አንድ ወርቅ አጣቢ ወይም ደላላ ወርቁን ለብሔራዊ ባንክ ቢያስረክብ የሚሰላለት በባንኩ ምንዛሪ ነው። ባንኩ በዓለም ዋጋ ላይ ጭማሪ ቢያደርግለትም እንኳ ድንበር አሻግሮ የሚሸጠው ሰው ይበልጠው ነበር። ሰው ወደተሻለው ዋጋ ይሄዳል። ወርቁ በጎረቤት አገሮች በኩል በኮንትሮባንድ ወጥቶ፣ አብዛኛው ዱባይ እየገባ፣ የሌላ አገር ወርቅ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

ምንዛሪው ሲለቀቅ ያ ልዩነት ጠበበ። ለባንክ ማስረከብ አዋጭ ሆነ። በዚያ ላይ የዓለም ዋጋ ፈነዳ። መጋቢት 2017 ላይ አንድ አውንስ 3,000 ዶላርን ተሻገረ። በ2018 መስከረም መጨረሻ ደግሞ 4,000 ዶላርን አለፈ። ሁለቱ ነገሮች ገጠሙ።

ይህን የምለው ውጤቱን ለማሳነስ አይደለም። በኮንትሮባንድ ይጠፋ የነበረ ሀብት ወደ አገር ካዝና መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከበር መቀየር የሚገኘው ዕድገት አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው። ድሮ በጓሮ ይወጣ የነበረው ወርቅ አንዴ በፊት በር መውጣት ከጀመረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ያህል ጭማሪ ሊያመጣ አይችልም። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የሚያሳድገው ወይ አዲስ ማዕድን ነው፣ ወይ የዓለም ዋጋ ነው። የዓለም ዋጋ ደግሞ በእኛ እጅ አይደለም።

ቡናውም በከፊል እንደዚሁ ነው። በ2016 ወደ 298 ሺህ ቶን ወጥቶ 1.43 ቢሊዮን ዶላር አስገኘ። በ2017 ወደ 469 ሺህ ቶን ሆነ። በኪሎ ስናሰላው ከ4.80 ዶላር ገደማ ወደ 5.65 ገደማ ከፍ ብሏል። መጠኑም ዋጋውም ጨመረ። ብራዚልን ድርቅ ስለመታት የካቲት 2017 ላይ የኒው ዮርክ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። እኛ ጋ ዝናቡ ጥሩ ነበር። የሌላው ድርቅ ለእኛ ጥሩ ዓመት ሆነ። ብራዚል ስታገግም ዋጋው ወደ ታች ይመለሳል፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚሆነው።

የምንዛሪው ለውጥ በቡናው ላይ ያመጣው አንድ ሌላ ነገር አለ። ስለ እሱ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሙጋድ ላይ ከምንገዛው ዕቃ ዋጋ ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

ዶላር እጥረት በነበረበት ጊዜ ባንክ ሄዶ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) መክፈት የጽድቅ ያህል ከባድ ነበር። አስመጪው ወረፋ ይዞ ዓመት ይጠብቃል። ኤክስፖርት የሚያደርግ ሰው ግን ካስገባው ዶላር የተወሰነውን ለራሱ ይጠቀማል። ስለዚህ ብዙ ነጋዴ ቡናም ሰሊጥም ጥራጥሬም መላክ የጀመረው ከቡናው ለማትረፍ ብሎ አይደለም። ዶላሩን ፈልጎ ነው። ከገበሬው በውድ ይገዛል። ውጭ አገር በኪሳራ ይሸጣል። በዶላሩ ጎማ፣ ብረት፣ መለዋወጫ ወይም ኤሌክትሮኒክስ ያስመጣል። የቡናውን ኪሳራ በጎማው ላይ ይደምረዋል። ጎማውን የሚገዙት ማን ናቸው? እኒያ ሹፌር ናቸው።

እንዲህ ሲሆን የኢትዮጵያ ቡና በዓለም ገበያ ዋጋው ይሰበራል። በላኪነት ብቻ የሚተዳደረው ሐቀኛ ነጋዴ ይከስራል። እዚህ ደግሞ የገቢ ዕቃ ይወደዳል። በዓመቱ መጨረሻ ኤክስፖርት አደገ ይባላል፤ አገር ግን ከስራለች። ከሐምሌ 2016 በኋላ ይህ ጨዋታ እየተዳከመ መጥቷል። ለእኔ ከለውጡ ሁሉ የላቀው ጥቅም ይህ ነው። ሕመሙን ግን መካድ አይቻልም። ዘይቱም መድኃኒቱም በአዲሱ ምንዛሪ ሲሰላ ደመወዝተኛውን አጎበጠው። ደሴ ላይ ደመወዙ ሳይጨምር ኪራዩ የጨመረበት መምህር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ደንበኞቻችን እነማን ናቸው? የምንሸጥላቸውና ዕቃ የምንገዛባቸው አገሮች አንድ አይደሉም። ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ቡናችንን የሚገዙት ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጀርመን፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ቤልጂየም ናቸው። በቅርብ ዓመታት ቻይናም ብዙ መግዛት ጀምራለች። አበባው ኔዘርላንድስ ይገባል። በግና ፍየሉ፣ ሥጋውም ወደ ዓረብ አገሮች ነው። ጫቱ ሶማሊያና ጅቡቲ ነው። ወርቁ ለረጅም ጊዜ ዋና መዳረሻው ስዊዘርላንድ ሆኖ ኖሯል።

ስዊዘርላንድ ላይ ቆም በሉ። የወርቅ ማዕድን የላትም። ቡና የሚበቅልበት መሬትም የላትም። ከዓለም ዙሪያ የሚሄደው ወርቅ ግን እሷ ጋ ነው የሚነጠረው፣ የእሷን ማኅተም ይዞ ነው የሚሸጠው። ቡናም ጥሬውን ገዝታ፣ ቆልታና አሽጋ ትልካለች። ከቡና የምታገኘው ገቢ ከቸኮሌቷና ከአይቧ ይበልጣል። ጀርመንም እንዲሁ ናት። አንድ የቡና ዛፍ ሳይኖራት ከትልልቆቹ የተቆላ ቡና ላኪዎች አንዷ ናት። እኛ የምንሸጠው ጥሬ ቡና ነው። እኛ ቤት ያለችው እናት እንኳ ቡናውን ቆልታ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ ነው የምትሰጠው። አገሪቱ ግን ጥሬውን ታስረክባለች።

ዕቃ የምንገዛባቸው ደግሞ ሌሎች ናቸው። ቻይና በሰፊ ርቀት ትመራለች። ማሽኑ፣ ብረቱ፣ ስልኩ፣ ጨርቁ፣ የሶላር ፓነሉ ከእሷ ነው። ነዳጁ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። መድኃኒቱ በብዛት ከሕንድ ነው። ማዳበሪያው ከሞሮኮና ከሌሎችም ይመጣል። በጠቅላላው በዓመት ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕቃ እናስገባለን። 8.3 ቢሊዮኑ ሪከርድ ቢሆንም የዚህን ግማሽ አይሞላም።

ታዲያ ጉድለቱ በምን ይሞላል? በብድር፣ በእርዳታ፣ አየር መንገዱ ከአገልግሎቱ በሚያመጣው ገቢ። ደግሞም በሐዋላ። ይህን ደሴ ላይ ላለ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወሎ ውስጥ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ያልሄደበት ቀበሌ ማግኘት ይከብዳል። ጂዳና ሪያድ፣ ቤይሩትና ኩዌት ውስጥ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ልጆቻችን የሚልኩት ገንዘብ ቤት ሠርቷል፣ ወንድም አስተምሯል፣ ሱቅ ከፍቷል። በአገር ደረጃም ሐዋላ ለብዙ ዓመታት ከሸቀጥ ኤክስፖርቱ ገቢ ይበልጥ ነበር። በኤክስፖርት ዝርዝር ላይ ግን የእነሱ ስም የለም። እኔ ስለ ንግድ ሚዛን ስጽፍ እነሱን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ቡናውና ወርቁ ሊሞሉት ያልቻሉትን ጉድጓድ ሲሞሉ የኖሩት እነሱ ናቸው።

ኮምቦልቻ ራሷ በዚህ ንግድ ውስጥ የራሷ ታሪክ አላት። ከተማዋ ዳር ቆማ መኪና ስትቆጥር ብቻ አልኖረችም። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ቆዳ ፋብሪካ አለ። ቢራ ፋብሪካው አለ። ቆርቆሮ ይመረታል፤ ጥሬ ብረቱ ግን በዚያው በሚሌ መንገድ ከውጭ ይመጣል። ሐምሌ 2009 ላይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። 75 ሔክታር ላይ ያረፈ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። የውጭ ባለሀብት ይምጣ፣ ልብስና ቦርሳ ይሰፋ፣ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ይላክ። ለኮምቦልቻ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። መኪናው ጨርቅ ጭኖ መጥቶ ልብስ ጭኖ ይመለሳል ማለት ነዋ!

ሐሳቡ የቆመው ግን በአንድ እግር ነበር። አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ከቀረጥ ነፃ መግባት ስለሚቻል ነው ብዙዎቹ የመጡት። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ነበር። ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ፋብሪካ ተዘረፈ፣ መጋዘን ተዘረፈ፣ የእርዳታ እህል ሳይቀር ተዘረፈ። ሆስፒታሉ እንኳ አልቀረም። ያን ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በእግራቸው የወጡና የወረዱ ሰዎች ዛሬም አሉ። የልብስ ስፌት ሞተሩ በሌለበት ፋብሪካ በር ላይ ሥራ ፈትተው የቆሙ ልጆችን አይቻለሁ። ፋብሪካው እንደገና ቢነሣም ገዢው ሌላ አገር ሄዷል።

በዚያ ላይ የባቡሩ ነገር አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ከ2007 ጀምሮ በቱርኩ ያፒ መርኬዚ ሲሠራ ቆይቷል። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወጪው ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ አብዛኛው ብድር ነው። ዋሻው ተበስቷል፣ ድልድዩ ቆሟል፣ ጣቢያው ተሠርቷል። ኮምቦልቻ ላይ ያለው ጣቢያ ሲያዩት ያምራል። ባቡር ግን እስካሁን ጭነት አልሳበበትም። ይህ ሐዲድ ቢሠራ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከሚሄደው ባቡር ጋር አዋሽ ላይ ይገናኛል። ከባድ ጭነት በባቡር ሲመጣ ደግሞ ርካሽ ነው። ብድሩ ወለድ ይቆጥራል፣ ሐዲዱ ዝገት ይቆጥራል። ይህ ሁሌ ያንገበግበኛል።

ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ሌላ ሀብት አለ። የደላንታ ኦፓል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው የተገኘው። የወሎ ኦፓል ውኃ የሚመጥ ዓይነት ድንጋይ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ጥርት ይላል፣ ሲደርቅ ቀለሙን መልሶ ያወጣል። ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የሚገኘው ግን ገደል ላይ፣ በቀጭን ሽፋን ውስጥ ነው። ወጣቶቹ በገመድ እየወረዱ ዋሻ ይቆፍራሉ። መደገፊያ የለውም። በ2016 ዓ.ም. ዋሻው ተደርምሶ በርካታ ወጣቶች ውስጥ ቀርተዋል።

ድንጋዩ ጥሬውን ይሸጣል። ደላላ ይገዛዋል፣ ብዙው ሕንድ፣ ጃይፑር ይሄዳል። እዚያ ይቆረጣል፣ ይላጋል፣ ቀለበት ላይ ይቀመጣል። መንግሥት ጥሬው እንዳይወጣ ሕግ አውጥቶ ያውቃል። ነገር ግን መቁረጫ ማሽንና የሠለጠነ እጅ በበቂ ሳይኖር ጥሬውን ብቻ መከልከል ድንጋዩን በኪስ ያስወጣዋል። ልክ እንደ ወርቁ። በኪስ መውጣቱ ደግሞ ለኦፓል ከወርቅም ይቀላል።

ሀብት ባለበት አገር ሁሉ ይኸው ነው የሚታየው። ቦትስዋና በአፍሪካ በጥሩ አስተዳደሯ የምትመሰገን አገር ናት። ከኤክስፖርቷ 80 በመቶ ያህሉ አልማዝ ነው። በላቦራቶሪ የሚሠራ አልማዝ ገበያውን ሲሻማት ገዢው ቀነሰ። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ኢኮኖሚዋ በ3 በመቶ ኮሰመነ። ጥፋት አላጠፋችም። አንድ ነገር ላይ ተንጠልጥላ ስለነበር ብቻ ነው። ናይጄሪያም ድፍድፍ ነዳጅ እየሸጠች ቤንዚን ከውጭ ስትገዛ ዘመናት አሳልፋለች። ከ2024 ወዲህ ነው የዳንጎቴ ማጣሪያ ያንን መቀየር የጀመረው።

እኛም ጋ ከገቢ ዝርዝሩ ላይ ከባድ ከባዱን ለማንሣት የተጀመረ ነገር አለ። ከጥር 2016 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ከዳንጎቴ ጋር ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈርሟል። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት ነው የታሰበው። ይህ ከተሳካ ያ የ60 ሺህ ጉዞ ሒሳብ ይለወጣል። ለእኔ ከወርቁ ሪከርድ ይልቅ ይህ ያጓጓኛል። ማዳበሪያ ዘግይቶ የዘር ጊዜ ያለፈበት ገበሬ ያየ ሰው ይገባዋል።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። መኪናቸው ሲመለስ ምን ሊጭን ይችላል? እዚሁ ዙሪያችን ያለውን ልቁጠር። በቃሉና ወደ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላ ማሾ ይበቅላል። በሁለት ሦስት ወር የሚደርስ፣ እኛ ብዙም የማንበላው፣ እስያ ውስጥ ግን የሚፈለግ ጥራጥሬ ነው። ቻይና ከኅዳር 22 ቀን 2017 ጀምሮ እንደ እኛ ላሉ ያላደጉ አገሮች ምርት በሙሉ ቀረጥ አንሥታለች። ማሾ በጆንያ ሆኖ አዲስ አበባ ወጥቶ ነው ተጣርቶ የሚታሸገው። ከዚያ ተመልሶ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ማበጠሪያና ማሸጊያው ኮምቦልቻ ቢሆን በባዶው ኮንቴይነር ገብቶ በቀጥታ በባቲ ይወርድ ነበር። የጉምሩክ ሠራተኛው እዚሁ አለ። ትራንዚተሩም አለ። ባዶ ኮንቴይነሩ በየቀኑ አለ። መኪናው አለ። የመልስ ጭነት ደግሞ ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ባለመኪናው ባዶውን ከሚሄድ በግማሽ ዋጋ ይጭናል።

የባቲ የሰኞ ገበያ ፍየልና ግመልም አለ። ከብቱ በእግሩ እየተነዳ ወይም በአይሱዙ ተጭኖ ድንበር ይሻገራል፤ ብዙው በሕጋዊ መንገድ አይመዘገብም። ሥጋ ሆኖ እንዲሄድ ማቀዝቀዣ ያለው መኪናና ያልተቋረጠ መብራት ይፈልጋል። ይህ ከማሾው ይከብዳል።

ባለፈው ሳምንት ያው ቁርስ ቤት ሄጄ ነበር። እኚያን አባት አላገኘኋቸውም። ረዳታቸው ግን ነበር። «ጋሼ ሚሌ ናቸው፣ ጎማ ፈንድቶባቸው ነው የቆዩት» አለኝ። አንድ ጎማ ስንት እንደገባ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከዚያ የመልስ ጭነት ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ባዶ ኮንቴይነር ነው» አለ። «እሱም ተራ ይዘን ነው ያገኘነው።»